ወረቀት ላይ የሚጋልብ ፈረስ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አንድ የአበሻ ቡና ቤት ደጃፍ ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ሥዕል አሳየኝ። አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣሉ። የዳይኖ፣ ማለትም የሞተር ጉልበት መለኪያ፣ ወረቀት ነው፤ የሌላ ሰው ሞተር ሳይክል ተለክታ የወጣ። «ጋሼ፣ ይዩት እስቲ። 3ኛ ደረጃ ካስገባሁ ከ110 የፈረስ ጉልበት አልፋለሁ ብለውኛል። ልግባበት?» አለኝ። የራሱ ሃርሊ ዴቪድሰን ከፊታችን ቆማለች፤ ባለ 107 ኪዩቢክ ኢንች ሚልዋኪ-ኤት ሞተር፣ ጤነኛ፣ ምንም ያልጎደላት።

«ብዙውን ጊዜ በደቂቃ በስንት ዙር ነው የምትነዳት?» ብዬ ጠየቅሁት።

ዝም አለ። የሞተሩን ስፋት በሲሲ፣ ሊገዛ ያሰበውን ማርሚታ፣ የካሙን ቁጥር ሳይቀር በቃሉ ይዞታል። ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ሥር የሚውለውን የዙር ቆጣሪ ግን ልብ ብሎት አያውቅም። በእሱ አልፈርድም፤ የጠየቀው ሰው የለም። የሚሸጡለትም፣ የሚመክሩትም፣ አብረውት የሚነዱትም የሚያወሩት ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ መስመሩ ጫፍ ላይ ስለተቀመጠው።

እንደ እሱ ሃርሊ ያሉ ክሩዘር ሞተር ሳይክሎችን በሚነዱ ሰዎች ዘንድ የሰፈነው እምነት እንዲህ ይላል። የሞተር ማሻሻያ መሰላል ነው፤ 1ኛው ደረጃ የአየር ፊልትሮ፣ ማርሚታና የኮምፒዩተሩ ማስተካከያ፣ 2ኛው ካም ሻፍት፣ 3ኛው ሰፊ ሲሊንደርና ፒስተን፣ 4ኛው ቴስታታውና የአየር በሩ። አቅም ያለው እስከ ላይ ይወጣል፤ አቅም የሌለው ታች ቀርቶ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ወደ ላይ የወጣ ሁሉ የተሻለ ሞተር ሳይክል እንዳገኘ ይቆጠራል፤ ማረጋገጫውም የዳይኖው ጫፍ ቁጥር ነው። እኔ ይህ እምነት ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። የክሩዘር ሞተር የሚሻሻለው ነጂው ውሎ በሚያድርበት ዙር ላይ ጉልበት ሲጨመርለት ነው። ጫፉን ለማሳደግ ሲባል መካከሉ ከተቀነሰ ሞተሩ ተበላሸ እንጂ አልተሻሻለም፤ ወረቀቱ የፈለገውን ቢል።

መጀመሪያ የፈረስ ጉልበት የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እንይ። ዳይኖው የሚለካው ቶርክን፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይልን ነው። ጉልበቱ ከዚያ በስሌት ይወጣል፤ ቶርኩ በኒውተን ሜትር፣ በዙር ተባዝቶ፣ ለ9,549 ሲካፈል ኪሎዋት ይሆናል። ስለዚህ ጉልበትን በሁለት መንገድ ማሳደግ ይቻላል፤ ወይ ቶርኩን ጨምሮ፣ ወይ ያንኑ ቶርክ ከፍ ወዳለ ዙር ወስዶ። ሁለተኛው ይቀላል፤ ወረቀት ላይም ያምራል። ነገር ግን ክሩዘር የሩጫ ሞተር ሳይክል አይደለችም። በአውራ ጎዳና ላይ በመጨረሻው ማርሽ ስትሄድ ሞተሯ ከ2,500 እስከ 3,000 ዙር ገደማ ነው የሚዞረው። ከተማ ውስጥ ከዚያም ያነሰ ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን ያውቃል፤ ባለ 107ቱ ሞተር በትልልቆቹ የጉዞ ሞተር ሳይክሎች ላይ ከፍተኛውን ቶርኩን፣ 150 ኒውተን ሜትር ያህል፣ የሚሰጠው በ3,250 ዙር ላይ ነው።

ሁለት ሞተሮች አሉ እንበል። አንደኛው በ5,500 ዙር 100 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ በ3,000 ዙር ግን ቶርኩ 110 ኒውተን ሜትር ነው። ሁለተኛው ጫፉ 88 ብቻ ነው፤ በ3,000 ዙር ግን 135 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ስሌቱን ሥሩት። በ3,000 ዙር የመጀመሪያው 46፣ ሁለተኛው 57 የፈረስ ጉልበት አለው። የጭነት መኪና ለማለፍ ጋዝ በምትሰጡባት ቅጽበት ባለ 88ቱ ባለ 100ውን ጥሎት ይሄዳል። ቡና ቤት ደጃፍ ላይ የሚወደሰው ግን ባለ 100ው ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ከዓመታት በፊት ባለ 96 ትዊን ካም ሃርሊ ነበረችኝ፤ 1,584 ሲሲ፣ ስድስት ማርሽ። አንድ ጋራዥ ቫልቩን ከፍ አድርጎ የሚያነሣ፣ ለረዥም ጊዜም ከፍቶ የሚያቆይ ካም ገጠመልኝ፤ ከእሱ ጋር ቀጥ ያሉ ሁለት ክፍት ማርሚታዎች። ወረቀቱ ያማረ ነበር። በነሐሴ ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ፣ ሻንጣዎቹን ሞልቼ፣ በአይ-70 አውራ ጎዳና ከዴንቨር ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ሽቅብ ስወጣ ድሮ በ5ኛ ማርሽ የምጨርሰው ዳገት 4ኛ ጠየቀኝ፤ አንዳንዱ ቦታ 3ኛ። በ2,600 ዙር ጋዝ ስሰጥ ድምፁ ይጨምራል፤ ሞተር ሳይክሏ አትጨምርም። ባለቤቴ ከኋላዬ «ምን ሆነች?» አለች። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች፤ ምክንያቱም መልሱ ምንም አልሆነችም፣ እንዲህ እንድትሆን ከፍዬ ነው የሚል ነበር። ከሁለት ክረምት በኋላ ካሙን አስወጣሁት።

ምን እንደሆነ ለመረዳት ቫልቮቹን ማየት ያስፈልጋል። ካም ሻፍት ቫልቮቹ መቼ እንደሚከፈቱ፣ ምን ያህል እንደሚነሡና መቼ እንደሚዘጉ የሚወስን ዘንግ ነው። ሻጭ የሚነግራችሁ ከፍታውን ነው፤ ትልቅ ቁጥር ስለሆነ ለማስታወስም ይመቻል። ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የማስገቢያው ቫልቭ የሚዘጋበት ሰዓት ነው። ፒስተኑ ወርዶ አየሩንና ቤንዚኑን ከሳበ በኋላ ሽቅብ መመለስ ሲጀምር ቫልቩ ገና ክፍት ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ወደ ውስጥ የሚሮጠው አየር የራሱ ግፍያ ስላለው ፒስተኑ እየተመለሰም መግባቱን አያቋርጥም፤ ዘግይቶ የሚዘጋ ቫልቭ በዚያን ጊዜ ይጠቅማል። በ2,500 ዙር ግን ያ ግፍያ የለም። ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ የገባውን ቅልቅል በመጣበት በር መልሶ ያስወጣዋል። ሲሊንደሩ ሳይሞላ ይዘጋል፤ የሚቃጠለው ትንሽ ነው፤ የሚገፋውም ትንሽ። ለክሩዘር የሚስማማው ካም የማስገቢያውን ቫልቭ ፒስተኑ ታች ከደረሰ በኋላ በ30 ዲግሪ አካባቢ የሚዘጋው ነው። በ45 እና በ50 ዲግሪ የሚዘጋው ለሌላ ሰው፣ ለሌላ መንገድ የተሠራ ነው። ይህ ቁጥር በእያንዳንዱ ካም ሠሪ ሰንጠረዥ ላይ ተጽፏል። ሳታዩት ካም አትግዙ።

ማርሚታውም ታሪኩ ያው ነው። ቀጥ ያለ ክፍት ቱቦ አየር ይለቃል፣ ስለዚህ ጉልበት ይጨምራል ይባላል። ማስወጫውና ማስገቢያው ቫልቭ ሁለቱም ከፈት የሚሉባት አጭር ቅጽበት አለች። በቱቦው ውስጥ የሚመላለሰው የግፊት ሞገድ በዚያች ቅጽበት የተሳሳተ ሰዓት ላይ ከተመለሰ ጭሱን ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይከተዋል። በክፍት ቱቦ ይህ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በ2,500 እና በ3,500 ዙር መካከል ነው፤ ክሩዘር በምትኖርበት ቦታ። የዳይኖው መስመር እዚያ ላይ እንደ ጎድጓዳ ሰሐን ይወርዳል። ሁለቱን ሲሊንደሮች ወደ አንድ ቱቦ የሚያገናኝ ማርሚታ ግን የአንዱን ትንፋሽ ለሌላው መሳቢያ ስለሚያደርገው መካከሉን ይሞላል። እንዲህ ያለ ማርሚታ ብዙ ሰው ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ድምፁም ቁጥብ ነው። የሃርሊን ድምፅ እኔም እወደዋለሁ። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተከፍተው አንድ ፒን ስለሚጋሩ እሳቱ በ315 እና በ405 ዲግሪ ልዩነት ይመጣል፤ ያ የሚያነክስ ምት ከዚያ ነው የሚወለደው፣ ቱቦው ቢዘጋም ቢከፈትም። «ድምፅ ሕይወት ያድናል» ለሚሉኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የሄሪ ኸርት ጥናት አስታውሳለሁ። በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 አደጋዎች በየቦታው ተመርምረው፣ ሌላ ተሽከርካሪ ባለበት ግጭት ከሦስቱ በሁለቱ ያህል ቅድሚያ የነፈገው የሌላው ተሽከርካሪ ነጂ ሆኖ ተገኝቷል። ቅድሚያ የሚነፍግ መኪና በአብዛኛው ከፊት ነው የሚገባባችሁ፤ የማርሚታው አፍ ግን ወደ ኋላ ዞሯል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። እዚህ ኮሎራዶ ለምንኖር ሰዎች አንድ የተለየ ማታለያ አለውና።

ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በ17 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ያለ ቱርቦ የሚተነፍስ ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ አራተኛ ያህሉን አጥቷል። ቁልቁል ወደ አዋሽ ስንወርድ ታድሶ የሚሮጥ መኪና እንጦጦን ሲወጣ የሚያቃስተው ዳገቱ ብቻ ስለከበደው አይደለም። አየርም አጥሮት ነው። ዳይኖው ታዲያ ይህን ማስተካከያ በሚሉት ቁጥር ያርመዋል። ኤስኤኢ የሚባለው ማስተካከያ ውጤቱን 25 ዲግሪ ሙቀትና የባሕር ዳርቻን የመሰለ ግፊት ወዳለበት አየር ይመልሰዋል፤ የቆየው ሌላኛው ማስተካከያ ደግሞ በ4 በመቶ ያህል ከፍ ያደርገዋል። በዴንቨር የሚለካ ሞተር በ1.2 ገደማ ይባዛል ማለት ነው። ወረቀቱ 100 ሲል ጎማው ላይ የደረሰው 83 ነው። ስሌቱ ስህተት የለበትም፤ ሞተርን ከሞተር ለማወዳደር የግድ ያስፈልጋል። እናንተ ግን የከፈላችሁት ለማትኖሩበት ከተማ ቁጥር ነው። ዋሻው ጋ፣ 3,400 ሜትር ላይ ስትደርሱ ደግሞ ከባሕር ወለሉ ጉልበት የቀራችሁ ከሁለት ሦስተኛው ብዙም አይበልጥም።

«እንግዲያው ከፍታ ላይ ስለምንኖር ነው ትልቅ ሞተር የሚያስፈልገን» ይሉኛል። ከምሰማቸው ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ይህ ስለሆነ በአግባቡ ልመልስ። እውነት ነው፤ ሲሊንደርን ማስፋት ከማሻሻያዎች ሁሉ ሐቀኛው ነው። ካም ከአንዱ ዙር ወስዶ ለሌላው ይሰጣል፤ ስፋት ግን በሁሉም ዙር ላይ ይጨምራል። ችግሩ አንድ ላይ ተጠቅልሎ የሚመጣው ነው። 3ኛ ደረጃ ሲባል ስፋቱ ብቻውን አይሸጥም፤ ከፍ ያለ መጭመቂያ ያለው ፒስተንና ለጫፍ የተመረጠ ካም አብረውት ይመጣሉ። ኮሎራዶ ማደያ ላይ ተራው ቤንዚን 85 ኦክቴን፣ ምርጡ 91 ነው። እዚህ ስሱ አየር ላይ ከፍተኛ መጭመቂያ ምንም አይልም፤ ሲሊንደሩ ስለማይሞላ ግፊቱ ዝቅ ይላል። በሐምሌ ወደ ካንሳስ ሜዳ ስትወርዱ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ያው ሞተር ማንኳኳት ይጀምራል። ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ለማዳን የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፤ የገዛችሁት ጉልበት እዚያው ይጠፋል።

አሁን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ላስቀምጥ። ባለ 107ቱ ሚልዋኪ-ኤት 1,746 ሲሲ ነው፤ ባለ 114ቱ 1,868። ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። ከማርሽ ሳጥኑ የሚወጣውን ቺንጋ የሚያዞረው ፑሊ 32 ጥርስ ካለውና በ30 ጥርስ ቢተካ ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው ግፊት በሁሉም ማርሽ 6.7 በመቶ ያድጋል። ሲሊንደር ሳይከፈት፣ ጓርኒሲዮን ሳይነካ፣ ሙቀት ሳይጨምር። ዋጋውም ከአንድ ጥንድ ፒስተን ጋር አይነጻጸርም። በእርግጥ የሚከፈል ነገር አለ፤ በ2,600 ዙር ስትሄድ የነበረች ሞተር ሳይክል በዚያው ፍጥነት 2,770 አካባቢ ትዞራለች፣ ነዳጅም ትንሽ ትጨምራለች፣ ጫፉ ላይም አንዲት የፈረስ ጉልበት አይገኝም። ለከፍታና ለዳገት ግን መድኃኒቱ ይህ ነው። ፑሊ ስለ ቀየረ ሰው የሚያወራ ለምን እንደሌለ የሚገባኝ ዳይኖው ላይ ስለማይታይ ነው።

ስለ ጥንካሬም መነገር ያለበት አለ። የእነዚህ ሞተሮች ክራንክ ሻፍት ከአንድ ብረት የተቀጠቀጠ አይደለም፤ ሁለት ቮላኖዎች በአንድ ፒን ላይ በግፊት ተገጣጥመው ነው የተሠራው። ፋብሪካው ለሚያወጣው ቶርክ ይበቃል። ቶርኩ በእጅጉ ሲያድግና ነጂው በድንገት ፍሪሲዮን እየለቀቀ ሲነዳ ግን ሁለቱ ቮላኖዎች በፒኑ ላይ ሊንሸራተቱና ከመስመር ሊወጡ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ዘንጉ እየተወዛወዘ ይዞራል፤ ኩሽኔታው፣ የዘይት ፓምፑ፣ ካሙ ራሱ አብረው ይጎዳሉ። በቆዩት ትዊን ካሞች ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 በተሠሩት አብዛኞቹ፣ የካሙን ካቴና የሚወጥሩት የፕላስቲክ ጫማዎች ያልቃሉ፤ ፍርፋሪያቸውም ዘይቱ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ሞተር ይዞ ጫማዎቹን ሳያይ ሰፊ ሲሊንደር የሚያዝ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

መሰላሉ ትክክለኛ ነገር ይዞ የተገኘው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የኮምፒዩተሩ ማስተካከያ መጀመሪያ ላይ መሆኑ። የሚያሳዝነው እሱንም ሰው እንደ ምርቃት መቁጠሩ ነው። የሃርሊ ኮምፒዩተር የሚገባውን አየር አይመዝንም፤ ከግፊት፣ ከሙቀትና ከዙር ተነሥቶ በውስጡ ካለ ሰንጠረዥ ይገምታል። ማርሚታና ፊልትሮ ሲቀየሩ ግምቱ ይሳሳታል። ጭስ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ጠቋሚ በዝግታ ስትነዱ ያርመዋል፤ ጋዙን ስትከፍቱ ግን ሞተሩ በሰንጠረዡ ብቻ ይሄዳል። በሚገባ የተስተካከለ ያልተነካ ሞተር፣ ካልተስተካከለ ባለ 2ኛ ደረጃ ሞተር የተሻለ ይነዳል። ማስተካከያውም ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሃርሊ ዴቪድሰን ከ2008 ጀምሮ በሸጣቸው 340,000 በሚጠጉ የጭስ መጠን በሚያዛቡ መሣሪያዎች ምክንያት 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ሕጋዊ ሆኖ የተመሰከረለት ማስተካከያ ዛሬ ይገኛል፤ ለመካከለኛው ዙር ከተሠራም ነጂው የሚያጣው ነገር የለም።

ፍሬኑን በአጭሩ ልበል። ከ370 ኪሎ በላይ የምትመዝን ሞተር ሳይክል ሁለት ሰውና ሻንጣ ይዛ በሰዓት ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ስትሸጋገር ፍሬኑ የሚያጠፋው ኃይል በ44 በመቶ ይጨምራል። 3ኛ ደረጃ አስገብቶ በፋብሪካው ሾክ አብዞርበርና ባለቀ ጎማ የሚነዳን ሰው ሳይ እፈራለሁ። ወዳጆቼ ስለሆኑ ነው የምፈራው።

«ገንዘቡ የእኔ፣ ደስታውም የእኔ» የሚለኝም አለ። ልክ ነው፤ ክሩዘር የሚገዛው ለደስታ ነው። እኔም የምሟገተው ለዚያ ደስታ ነው። ክሩዘር የምትሰጠው ደስታ ማርሽ ሳይነኩ፣ ሞተሩን ሳያስጮሁ፣ አውራ ጣትና መዳፍ ብቻ እያንቀሳቀሱ ዳገቱን ስትውጥ የሚሰማው ያ ከታች የሚመጣ ግፊት ነው። በ5,500 ዙር የሚገኝ ደስታም አለ፤ እሱን የሚፈልግ ሰው ለዚያ የተሠሩ፣ ክብደታቸው ግማሽ የሆነ ሞተር ሳይክሎች በየመደብሩ አሉለት። ክሩዘርን ወደዚያ ለመቀየር የሚከፈለው ገንዘብ ግን መጀመሪያ የገዛንበትን ምክንያት ነው የሚወስድብን።

ለወጣቱ ያልኩት አጭር ነው። «አንድ ወር ንዳት። ትንሽ ደብተር ኪስህ ውስጥ ያዝ፤ ቀይ መብራት ላይ በቆምክ ቁጥር ከዚያ በፊት በስንት ዙር እንደነዳህ ጻፍ። ዳገት ላይ ማርሽ ስትቀንስ የትኛው ዳገት እንደሆነና ከስንተኛ ወደ ስንተኛ እንደቀነስክ ጻፍ።» ቅር እያለው ሄደ።

በአራተኛው ሳምንት ደብተሩን ይዞልኝ መጣ። 2,300፣ 2,700፣ 2,600፣ 2,900፣ 2,400፤ ገጽ በገጽ እንዲሁ። 4,500ን ያለፈው በወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ አውራ ጎዳና ሲገባ። ከ6ኛ ወደ 5ኛ፣ ከ5ኛ ወደ 4ኛ የወረደባቸው ዳገቶች ግን ሁለት ገጽ ሞልተዋል፤ ሁሉም በአይ-70 ላይ፣ ሁሉም ከአይዳሆ ስፕሪንግስ በላይ። ቡናው ሳይቀርብ የካም ሠሪዎቹን ሰንጠረዥ ከፍተን የመዝጊያ ዲግሪዎቹን በጣታችን እየተከተልን ማየት ጀመርን፤ የ30 ጥርሱን ፑሊ ግን በዚያው ቀን አዘዘ።